ከወለሉ የማይነሱት ዓሳዎች፦ አይቶ መለየትና በጅማ ቤት ውስጥ ማኖር

ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን አኳሪየሙ ፊት ጎንበስ ብላ ትንሽ አየችና «ይሄኛውማ ሞቷል!» አለችኝ። አልሞተም። አሸዋው ላይ በሆዱ ተኝቶ አረፍ ብሎ ነበር። ወደ መስታወቱ ጠጋ ስል ብድግ አለና አንገቷ የተሰበረ ጀበና ውስጥ ጥልቅ አለ። «ደግሞ ጀበና ገዛህላቸው?» ብላ ሳቀች።

የዛሬው ጉዳያችን እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከታች፣ ወለሉ ላይ የሚያሳልፉ ዓሳዎች። ብዙ ሰው የሚገዛቸው ወዷቸው ሳይሆን ለጽዳት ሠራተኝነት ነው። ሻጩም «ይሄ ቆሻሻውን ይበላልሃል፣ ገንዳ ማጠብ ቀረልህ» ይላል። እኔም አምኜ ነበር። የጣት ቁመት ያላቸው ሁለት «መስታወት ላሾች» ከአዲስ አበባ ይዤ መጣሁ። በዓመት ተኩል ውስጥ ከስንዝሬ አለፉ። ተክሉን ነቀሉት፣ ድንጋዩን ገለበጡት። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የሚያቆሽሹት እነሱ ሆነው አረፉት። ምን ይደረግ፣ የበላ ይጸዳዳል። የሌላውን ዓሳ ኩስ እየበላ ገንዳ የሚያጸዳ ዓሳ የለም። በመጨረሻ ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው በነፃ ሰጠኋቸው።

ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ከመግዛት ሳይሆን ከማየት ነው።

ደረጃ 1፦ አፉን እዩ

ዓሳ ቤት ስትገቡ ቀለም አይሸውዳችሁ። ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ የሆነ ኮሪዶራስ (በአጭሩ ኮሪ፣ ትንሽ ባለ ጢም ዓሳ) አለ። ነጭ ፕሌኮ (መስታወት ላሹ) አለ። ነጭ የአምባዛ ዘመድም አለ። ትንንሽ ሳሉ ለጀማሪ ዓይን ወንድማማች ይመስላሉ። አንዱ ግን 6 ሳንቲሜትር ላይ ይቆማል፣ ሌላው ክንድ ያክላል።

መጀመሪያ አፉን ተመልከቱ። ከውሃው ገጽ ላይ የሚበላ ዓሳ አፉ ወደ ላይ ያመለክታል። መሃል ላይ የሚዋኘው አፉ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ነው። የወለሉ ዓሳ ግን አፉ ከአፍንጫው ሥር፣ ወደ ታች የዞረ ነው። ሆዱ እንደ ተስተካከለ ጣውላ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ይሆናል። ዓይኖቹም ከፍ ብለው ጭንቅላቱ ላይ ይቀመጣሉ፤ አደጋ የሚመጣበት ከላይ ነዋ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ሁለት ነው። ጢም አለው? ወይስ መምጠጫ?

ጢም ካላቸው እንጀምር። ኮሪዶራስ አጭር ጢም አለው። ጎኑን ስታዩት ቅርፊት የለውም፤ በምትኩ ሁለት ረድፍ የአጥንት ሰሌዳ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተደራርቦ ታያላችሁ። አልፎ አልፎ ዓይኑን ወደ ታች ሲያዞር የጠቀሳችሁ ይመስላል። ልጆች ይህን ሲያዩ ይስቁበታል።

አምባዛ ግን ሌላ ነው። ስምንት ረጃጅም ጢም፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ራስ፣ ሙልጭልጭ ያለ ራቁት ቆዳ። ዋናው ምልክቱ የጀርባው ክንፍ ነው፤ ከራሱ ኋላ ተነስቶ እስከ ጅራቱ ድረስ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የኮሪዶራስ የጀርባ ክንፍ አጭር ሦስት ማዕዘን ነው። ይህን ባለማየቴ ዋጋ ከፍያለሁ። የእህቴ ልጅ ከግልገል ጊቤ በኩል ሲመለስ በሃይላንድ ውሃ ውስጥ አንድ ትንሽዬ ባለ ጢም ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ ኮሪ አገኘሁልህ!» አለኝ። ደስታውን ላለማበላሸት ብዬ ከተትኩት። ጠዋት ስነሳ ሦስት ጉፒዎች (ትንንሾቹ ዓሳዎቼ) የሉም፤ እሱ ግን ሆዱ ተነፍቷል። አምባዛ ከ1 ሜትር በላይ የሚያድግ፣ አፉ የቻለውን ሁሉ የሚውጥ አዳኝ ነው። ቦታው ወንዝና ሐይቅ፣ አለዚያም ድስት ነው።

ሦስተኛው ባለ ጢም ሲኖዶንቲስ ነው። በታችኛው ከንፈሩ ያለው ጢም እንደ ላባ ቅርንጫፍ ያወጣ ነው። በዚህ ብቻ ትለዩታላችሁ። ከባሮና ከኦሞ ወንዞቻችንም የዚህ ወገን ዓሳዎች ይገኛሉ። አንዱ ዝርያ በጀርባው ተገልብጦ ነው የሚዋኘው፤ ስታዩት ታሟል ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

እባብ የሚመስለው ቀጭኑ ደግሞ ኩሊ ሎች ነው፤ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል። ዘመዱ ክላውን ሎች ብርቱካናማ ላይ ጥቁር ሸርጥ ያለው ውብ ዓሳ ነው። ሲሸጥ አውራ ጣት ያክላል፤ ሲያድግ እስከ 30 ሳንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ዓይናቸው ሥር የተደበቀች እሾህ አለቻቸው። በመረብ ስትይዟቸው ትያያዛለች፣ ስለዚህ በኩባያ ቅዱ።

አሁን ወደ መምጠጫዎቹ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሁሉንም «ፕሌኮ» ብሎ ይጠራል። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ የጀርባ ክንፉን ሲዘረጋ ጠብቁና ቁጠሩ። ከፊት ካለው ጠንካራ እሾህ ኋላ ያሉት ለስላሳ ዘንጎች 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ትልቁ ፕሌኮ ነው። ከ40 ሳንቲሜትር ማለፍ ይችላል። እኔ የገዛኋቸው እነዚህን ነበር። 7 ወይም 8 ከሆኑ ገና አልተፈታም፤ ሌላ የሚያድግ ፕሌኮ ወይም ብሪስልኖዝ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አፍንጫውን እዩ። ብሪስልኖዝ ራሱ ሰፊና ዝርግ ነው። ወንዱ አፍንጫው ላይ ቁጥቋጦ የመሰለ ሥጋ ያበቅላል፤ የሴቷ አጭርና ጥቂት ነው፣ ወይም የለም። እሱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ላይ ይቆማል። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው ይኼኛው ነው።

ቀጠን ያለ፣ ሲያዩት የአጥንት ሰሌዳ የሌለው የሚመስል፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው መምጠጫ ካያችሁ ሁለት አማራጭ አለ። ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ብቻ የሚሆነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ሰሌዳ ያለው ኦቶ ነው። ረጋ ያለ ፍጥረት ነው፤ ያረጀና አረንጓዴ ሽፋን የያዘ ገንዳ ይፈልጋል፣ በአዲስ ገንዳ በረሃብ ይሞታል። እውነተኛ ቅርፊት ያለው ደግሞ ቻይኒዝ አልጂ ኢተር የሚባለው ነው። ልጅ ሳለ ጨዋ ነው። ሲያድግ ከ25 ሳንቲሜትር ያልፋል፣ ሌሎች ዓሳዎች ጎን ላይ ተለጥፎ ልፋጫቸውን መምጠጥ ይጀምራል። እኔ አልገዛውም።

የራሳችን ወንዞችም መምጠጫ አላቸው፤ ጋራ የሚባለው ዓሳ። ከአፉ ሥር ክብ መለጠፊያ አለው፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ይዞ አረንጓዴውን ይፍቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዝርያ አለው። ያምራል፣ ግን ኦክስጅን የሞላበትና የሚፈስ ውሃ የለመደ ነው። ለጀማሪ የቆመ ገንዳ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ከጅማ አየር ጋር አዛምዱ

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ቀኑ ይሞቃል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ጋቢ ያስፈልገዋል። ማታና ጠዋት የገንዳችሁን ሙቀት ለአንድ ሳምንት በቴርሞሜትር ለኩ፣ ጻፉት። ዓሳ የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ኩሊ ሎች ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይወዳል፤ ክላውን ሎች ከዚያም በላይ። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭንቅ ነው። ብሪስልኖዝ ከ21 እስከ 26 ይመቸዋል። የነሐስ ቀለም ያለው ኮሪዶራስም እዚያው አካባቢ ነው።

የእኔ ምርጫ ግን በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስለው፣ ጠቆርቆር ያለው ፔፐርድ ኮሪዶራስ ነው። ከደቡብ ብራዚል፣ ከኡራጓይና ከአርጀንቲና ወንዞች የመጣ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ያውቃል። ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ደህና ነው። ጅማን የሚያውቅ ዓሳ ነው ማለት ይቻላል! ቻርለስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲዞር ከሰበሰባቸው ዓሳዎች አንዱ ይሄው ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1842 እ.ኤ.አ. ነው።

ኮሪዶራስ ስትገዙ አንድ ወይም ሁለት አትግዙ። ቢያንስ ስድስት፣ ከአንድ ዓይነት። ብቻውን የሆነ ኮሪ ቀኑን ሙሉ ተደብቆ ይውላል። ስድስት ሲሆኑ እንደ ዶሮ ጫጩት አብረው አሸዋውን እየቆፈሩ ይዞራሉ።

ደረጃ 3፦ ወለሉን ሥሩ

ለእነዚህ ዓሳዎች የገንዳ ቁመት ጌጥ ነው፤ የሚኖሩት ስፋቱ ላይ ነው። መስታወት ቤት የምታሠሩ ከሆነ 60 በ40 ሳንቲሜትር መሠረት፣ 35 ከፍታ በሉ። ውሃው 30 ሳንቲሜትር ሲደርስ 72 ሊትር ይሆናል። ከአሸዋና ከመስታወቱ ጋር ከ80 ኪሎ ያልፋል፤ ስለዚህ የቲቪ ጠረጴዛ ላይ እንዳታስቡት። ማያያዣው ሲሊከን ሻጋታ መከላከያ ያልገባበት ይሁን። የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ቀናት ጠብቁ፣ ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ እንደሚያፈስ እዩ።

አሸዋ ላይ አትቸኩሉ። ኮሪ አሸዋውን በአፉ ወስዶ በመተንፈሻ ስንጥቡ በኩል እያጣራ ነው የሚበላው። ጢሙ የስሜት ሕዋሱ ነው። ስለታም ነገር ላይ ከዋለ ጢሙ ያልቃል። ለግንባታ የሚመጣው ቀይ አሽ ቀለሙ ያምራል፤ ግን ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ተዉት። የተፈጨ ድንጋይም እንዲሁ። የሚሆነው ደቃቅ፣ የተንከባለለ የወንዝ አሸዋ ነው። እፍኝ ሙሉ ወስዳችሁ በመዳፋችሁ መሃል እሹት። ከጫረ ለእነሱም ይጭራል።

ቀጥሎ የሎሚ ፈተና። ጥቂት አሸዋ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ ኖራነት ያለው ድንጋይ አለበት፣ ውሃው ላይ ማዕድን ይጨምራል፤ ሌላ ፈልጉ። ካለፈ በባልዲ እያማሰላችሁ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ እጠቡት። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሳሙና ግን አይነካውም። ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከሥሩ ይበሰብሳል።

መደበቂያ የግድ ነው። እኔ ገበያ ላይ ተሰብራ ያልተሸጠች አዲስ ጀበና ነው የምጠቀመው። ቡና የተፈላባት ወይም ዘይት የተቀባች አትሁን። ቀቅሏት፣ የተሰበረውን ጠርዝ ድንጋይ ላይ ፍቃችሁ አለስልሱት። ጠባቡን አንገቷን ደግሞ አስወግዱት። ብሪስልኖዝ ጠባብ ቦታ ገብቶ ክንፉን ከዘረጋ መውጣት ያቅተዋል፣ እዚያው ይሞታል። ትልቅ ድንጋይ የምታስገቡ ከሆነ መጀመሪያ ድንጋዩን መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋውን ቀጥሎ አፍሱ። አለዚያ ቆፋሪዎቹ ሥሩን ያወጡትና በላያቸው ይወድቃል።

ደረጃ 4፦ ውሃው ይብሰል

የቧንቧ ውሃ በሰፊ ባልዲ ቀድታችሁ 24 ሰዓት ክፍቱን አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይወጣል። በአየር ፓምፕ ብታናፍሱት ይፈጥናል። ክሎራሚን ያለበት ውሃ ግን በማሳደር አይጠራም፣ የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ይፈልጋል። በክረምት ደፍርሶ ከመጣ ደለሉ ይዝቀጥ፣ ከላይ ያለውን ብቻ ተጠቀሙ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውሃ ብቻውን አትሙሉ፤ ማዕድን የለውም፣ ከጣሪያው ምን ይዞ እንደወረደም አይታወቅም።

ዓሳ የሌለበትን ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከነፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) አስነሱት። ቁንጥር ምግብ በየሁለት ቀኑ ጣል አድርጉ። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ላይ ይራባሉ፣ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ያሻግሩታል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ይዘገያል። ኬሚስት ነኝ ማለት አያስፈልግም፤ መመርመሪያው አሞኒያና ናይትራይት ከፍ ብለው ቆይተው ተመልሰው ዜሮ ሲል ደርሷል ማለት ነው። አኳሪየም ያለው ጓደኛ ካላችሁ የፊልተሩን ስፖንጅ ገንዳችሁ ውስጥ ጨምቁ፤ እንደ እርሾ ነው። ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ አትደንግጡ።

የሚበጀው ፊልተር ተራው የስፖንጅ ፊልተር ነው። በአየር ፓምፕ ይሠራል፣ ርካሽ ነው፣ ኮሪ ላዩ ላይ ምግብ ይለቅማል። ፓምፑ የክፍሉን አየር እንደሚስብ ግን አትርሱ። ለወባ ትንኝ ፍሊት በምትነፉበት ቀን ፓምፑን አጥፉ፣ ገንዳውን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ አትክፈቱ። ለሰው ትንሽ የሆነው መርጫ ለዓሳ ገዳይ ነው።

ደረጃ 5፦ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመንገዱ በፊት ባለው ቀን ዓሳው እንዳይበላ ሻጩን ንገሩት። ከረጢቱ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን፤ ኦክስጅን ከተሞላ የተሻለ። የኮሪ የጎን ክንፍ እሾህ ፕላስቲክ ስለሚበሳ ድርብ ከረጢት አስደርጉ። እሾሁ ጣት ከወጋ እንደ ንብ ያቃጥላል። ካርቶን ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር ያዙት፣ መኪናው ጣሪያ ላይ አይጫን።

ቤት ስትደርሱ መብራት አጥፉ። ከረጢቱን ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፉት። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ግማሽ ኩባያ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ዓሳውን ብቻ አውጥታችሁ ክተቱ። የከረጢቱ ውሃ ለአትክልት ነው።

ደረጃ 6፦ ለእነሱ ብላችሁ መግቡ

«ትርፍራፊ ይበላል» የሚለው ወሬ ብዙ ኮሪ ገድሏል። ከላይ ያሉት ዓሳዎች ምንም ሳያስተርፉ ይጨርሱታል። የሚሰምጥ ጠንካራ ምግብ ግዙና ማታ፣ መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ጣሉላቸው። ኮሪ ሥጋ ይወዳል። ከቡና ገለፈት ክምር ሥር የምታገኙት የምድር ትል ታጥቦ፣ ተቆራርጦ በሳምንት አንዴ ሲሰጠው ያብዳል። መድኃኒት ከተረጨበት ቦታ ግን አትቆፍሩ።

ብሪስልኖዝ አትክልተኛ ነው። ዝኩኒ ወይም ኪያር ቆርጣችሁ፣ ፈላ ባለ ውሃ ለአንድ ደቂቃ ነክራችሁ፣ በሹካ ሰክታችሁ አስምጡለት። ጎመንም ይበላል። ከ12 ሰዓት በኋላ የተረፈውን አውጡ። እንጀራና ዳቦ ክልክል ነው። እንግዳ ሲመጣ፣ በተለይ ልጆች ሲመጡ፣ ዓይናችሁን እዚህ ላይ ጣሉ።

ደረጃ 7፦ መብራት ሲጠፋ

አትመግቡ። ገንዳውን በጋቢ ጠቅልሉት፣ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። በየሰዓቱ በኩባያ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍሱ፤ አየር ይገባበታል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ካላችሁ እሱ ያሳርፋችኋል። ኮሪ ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ይውጣል፣ በአንጀቱ በኩል ኦክስጅን ይወስዳል። አልፎ አልፎ ማድረጉ ጠባዩ ነው። በየደቂቃው ከሆነ ግን ውሃው አየር አጥሮታል።

ዝግ ሳጥን ያለው ፊልተር የምትጠቀሙ ከሆነ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ሲመለስ ሳታጥቡት አታስነሱት። ውስጡ የሞተው ሁሉ ገንዳው ላይ ይራገፋል።

ደረጃ 8፦ የሳምንቱ ሥራ

በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይሩ፤ ቱቦውን ከአሸዋው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ኩሱን ሳቡት። ስፖንጁን በወጣው የገንዳ ውሃ እጠቡት፣ በቧንቧ ውሃ አይሆንም።

ጢሙ እያጠረ ከሆነ ወይም ሆዱ ከቀላ መጀመሪያ መድኃኒት አትፈልጉ። አሸዋውን እዩ፣ ውሃውን ለኩ፣ ውሃ ቀይሩ። ነጭ ጨው የመሰለ ነጠብጣብ ከሆነ ግን ኢክ የሚባለው ጥገኛ ነው፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለኩሊና ለክላውን ሎች ግማሽ መጠን አድርጉ፣ ቅርፊታቸው የሌለ ያህል ስለሆነ ይጎዳቸዋል። መዳብ ያለበት መድኃኒትም አይመቻቸውም።

ዓሳው ከገንዳው በላይ ካደገ አዌቱ ወንዝ ወይም ቦዬ ውሃ ውስጥ አትልቀቁት። በሜክሲኮና በፍሎሪዳ ከሰው ቤት የወጣ ፕሌኮ ዳርቻውን በጉድጓድ እየቦረቦረ፣ መረብ እየቀደደ ስንቱን አሰቃይቷል። ለሌላ አሳዳጊ ስጡት።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ንቁ። ፔፐርድ ኮሪ ውሃው ትንሽ ሲቀዘቅዝ የዝናብ ወቅት መጣ ብሎ ይራባል። ከገንዳው በጥቂት ዲግሪ የቀዘቀዘ ውሃ ስቀይር በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ ላይ ዕንቁላል አገኛለሁ። ወላጆቹ ራሳቸው ስለሚበሉት ዕንቁላሉን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባልሉና አንስታችሁ፣ የዚያው ገንዳ ውሃ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ከአየር ፓምፕ ጋር አስቀምጡት። ነጭ ጥጥ የመሰለው ሻጋታ የያዘውን በየቀኑ ልቀሙ። ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈለፈላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ሆዳቸው ላይ ካለው አስኳል ይመገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የተቀቀለ ዕንቁላል አስኳል የመርፌ ጫፍ የሚያክል በቀን ሁለት ጊዜ ስጧቸው፣ የተረፈውን ወዲያው እየሳባችሁ።